ደወል በማን ቤት ትቆጠር

አይሊ ኪቬላ ተቀምጣ ስታወራ ያየ ሰው አልደር ኩባንያ ውስጥ አይገኝም። ስልክ ስታነሳ አብራ ትነሳለች፤ ስታስብ ትራመዳለች፤ ስብሰባ ሲረዝም ወንበሯን ትታ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች። አዲስ የሚመጣ አለቃ ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። የሥራ ባልደረባዋ ሱዲር ፓይ ብቻ ነበር ስንት ዓመት ሙሉ ሳይለምደው የቀረው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንጣፉ እግርሽን ሊከስ ጠበቃ ይዟል አሉ» ይላታል።

«ይክሰስ። ከተፈረደብኝም ካሳውን ካንተ ቤት ይውሰድ።»

«ቤት» የሚሉት የኩባንያውን ክፍሎች ነው። አልደር በሐይቁ ማዶ፣ ጥዶቹ መሐል የተዘረጋ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን በሦስት በር ነው። አንደኛው የቢሮ ፕሮግራሞች ቤት ነው፤ ደብዳቤ መጻፊያውንና ስሌት መሥሪያውን በሰው ቁጥር ልክ፣ በየወሩ ያከራያል። ሁለተኛው ሱዲር የሚሸጥለት የክላውድ ቤት ነው፤ ግዙፍ ኮምፒውተሮቹን እንደ መብራት በቆጣሪ ይሸጣል፣ የተጠቀመ ይከፍላል። ሦስተኛው የግል ኮምፒውተር ቤት ነው፤ ከፋብሪካ ከሚወጣ ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር የድርሻውን ይቀበላል፣ ጨዋታና ማስታወቂያም በዚያው በር ይገባሉ። ሦስቱ ቤቶች አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ፈገግ ይባባላሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ ሲመጣ ግን እንደ ጣውንት ይተያያሉ። ለአንድ ደንበኛ ሦስቱም ተጠቅልለው ሲሸጡና ደንበኛው ቅናሽ ሲጠይቅ፣ ቅናሹ የማንን ቤት ይንከስ? ጠቡ ከዚያ ይነሳል።

አይሊ ይህን ጠብ ከነዘፈኑ ታውቀዋለች። ኑሮዋ ራሱ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ያደገ ኑሮ ነው።

አባቷ ኤይኖ ኪቬላ እንጨት ቆራጭ ነበር። ጫካው በተመነጠረ ቁጥር ካምፑ ይነሳል፤ ካምፑ ሲነሳ አልጋው፣ ምድጃውና አይሊ የጭነት መኪናው ላይ ይወጣሉ። አንድ ትምህርት ቤት ጀምራ ሌላ ትምህርት ቤት ትጨርሳለች። የልጆቹን ስም ለመያዝ ጊዜ አልነበራትም፤ ደወሎቹን ግን ያዘች። አንዱ እንደ ድስት ክዳን የሚንኳኳ፣ አንዱ እንደ ንብ የሚጮህ፣ አንዱ በገመድ የሚጎተት የነሐስ ደወል። አባቷ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በዝናቡ ውስጥ ያንጎራጉር ነበር፦

እግሬ ምን አግኝቶ መቆም እንቢ ያለው፣
መንገድ ነው ወይስ ልብ ማን ነው ያታለለው።

ከዕለታት አንድ ቀን ግንድ ወድቆ እግሩን ሰበረውና፣ ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝባት በሳተርሊ ከተማ ቀሩ። አይሊ ጀምራ የጨረሰችው ብቸኛ ትምህርት ቤት የሳተርሊ ነው። ደወሉ የተሰነጠቀ ነበር፤ ሲጮህ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ነው። ከደወሎች ሁሉ የወደደችው ግን እሱን ነው፤ ሰኞ ሰምታው ዓርብም ሰምታዋለችና።

አልደር የገባችው ፕሮግራሞች በካርቶን ሣጥን በሚሸጡበት ዘመን ነው። ሥራዋ ዲስኩንና ወፍራሙን መጽሐፍ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ በላስቲክ መጠቅለያ ማሽን ውስጥ ማሳለፍ ነበር። ሣጥኑ ከማሽኑ ሲወጣ እንደ ዳቦ ይሞቃል። ያኔ የገንዘቡ መንገድ ቀጥ ያለ ነበር፦ ሣጥን ይወጣል፣ ብር ይገባል። ማን አመጣው ብሎ የሚጣላ አልነበረም። ኋላ ሣጥኑ ቀረ፣ ዲስኩም ቀረ፣ መጽሐፉም ቀረ፤ ሁሉ ነገር ኪራይ ሆነ። አይሊ ከመጠቅለያው ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ሽያጭ ተዛወረች። በየሐምሌው ድልድል አለ፤ ሠራተኛው ዕቃውን በካርቶን አቅፎ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ የሚሰደድበት። የተቀጠሩበት ቀን ሲመጣ ለኖሩበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ፓውንድ ባለቀለም ቸኮሌት መተላለፊያው ላይ ማስቀመጥ የአልደር ልማድ ነው፤ የአይሊ ሳህን ሞልቶ፣ ባልዲ ሆኖ፣ ወደ ገንዳ እየተጠጋ ነበር።

ልቧ ያረፈበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደወል።

ደወል የትምህርት ቤት ፕሮግራም ናት። የቢሮው ቤት ጓሮ ውስጥ ያለ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሠሩበት የትምህርት ክፍል ነው የወለዳት፤ ስም ያወጣችላት አይሊ ራሷ ናት። የቀረውን ተማሪ ትመዘግባለች፣ አውቶቡሱን ትከታተላለች፤ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ሲዘጋ ገና ሳይነጋ የእናቶችን ስልክ ትቀሰቅሳለች። ትልልቆቹ ቤቶች ውስጥ ያለ ሰው ስሟን አያውቅም። ጫካና ወንዝ ዳር ያሉ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ግን ከደወል በቀር ሌላ አይሰሙም።

አይሊም በደወል እየማረከች ሌላውን ትሸጥ ነበር። «የቢሮውን ፕሮግራም ለመምህራን ተከራዩ፣ መዝገባችሁን ክላውድ ላይ አኑሩ፤ ደወልን እኔ እመርቅላችኋለሁ» ትላለች። ውሉ ላይ ሦስት መስመር ይጻፋል፤ ሁለቱ ዋጋ አላቸው፣ ከደወል ፊት ለፊት ዜሮ ይቀመጣል። ደንበኛው ለምርቃቱ ብሎ ሁሉንም ይፈርማል። በአልደር እንዲህ የሚያደርግ ሻጭ ይመሰገናል፤ አይሊም ስንት ጊዜ መድረክ ላይ ወጥታ ተጨብጭቦላታል፣ እዚያም እየተራመደች።

በዚያ ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ አዲስ አለቃ መጣች። ዴሊያ ሬንፍሮ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ክፉ ያልሆነች ሴት። አይሊን ጠርታ ወንበር አሳየቻት። አይሊ አልተቀመጠችም።

«አይሊ፣ ደወል የምትባለው ምንድን ናት?»

«ምን ማለትሽ ነው? ልጄ ናት።»

«ልጅሽ ሥራ የላትም» አለች ዴሊያ፣ ወደ ኮምፒውተሯ እያየች። «ገቢዋን ፈለግሁ፣ ፈለግሁ። ዜሮ ነው። ያለፈው ዓመት ዜሮ፣ ከዚያ በፊትም ዜሮ።»

«በእሷ ምክንያት የመጣውን ቁጠሪዋ!»

«በእሷ ምክንያት የመጣው የት ነው የተቆጠረው?»

አይሊ በልቧ ቆጠረች። ግማሹ በቢሮ ፕሮግራሞች ቤት፣ ግማሹ በክላውድ ቤት። እንዲያ አድርጋ የጻፈችው ራሷ ናት፤ በገዛ እጇ፣ እየሳቀች፣ እየመረቀች። ሌላ ቦታ ሰው ዕቃውን በነፃ ቢሰጥ ለጋስ ይባላል፤ አልደር ውስጥ ግን ዋጋ ያልተጻፈበት ነገር በሐምሌ አይታይም። ስንት ዓመት ሙሉ የልጇን ጉሮሮ በፍቅር ስታንቅ ኖራለች።

«ሐምሌ ላይ ክፍሏ ይዘጋል፤ ሰዎቹንም እንበትናለን» አለች ዴሊያ። ከዚያ የአይሊን ፊት አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ሰኔ ሳያልቅ አንድ የትምህርት አስተዳደር፣ አንድ ብቻ፣ ለደወል በራሷ መስመር ይክፈል። በእጄ የምይዘው ነገር ስጪኝና ድልድሉ ላይ እከራከርላታለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሊ ቤቷም አልረጋችም። ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች። ዝናቡ ሲያባራ ትወጣለች፣ ሲጀምር ትመለሳለች። በሰኔ ሊታደስ የቀረ ውል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሳተርሊ ነው።

የሳተርሊ ትምህርት ቤቶችን ኮምፒውተር የሚጠብቀው ሽማግሌው ዌንደል ኦክስ ነው፤ አባቷን ያውቀዋል።

«ሚስተር ኦክስ፣ ደወልን ዘንድሮ ላስከፍልዎት ነው» አለችው በስልክ።

«የኤይኖ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት መጠጣት ጀመርሽ እንዴ?»

«የምሬን ነው። ካልተከፈለባት ይዘጓታል።»

ከዌንደል ጀርባ አንድ በር ሲጥ ይላል። «የትምህርት ቤቱን ቦርድ ታውቂዋለሽ» አለ። «ትናንት በነፃ የነበረ ዛሬ ዋጋ ካለው አዲስ ግዢ ነው ይላሉ፤ ጨረታ ይወጣል። ጨረታ ከወጣ ደግሞ ከርካሹ ነው የሚገዙት፤ ሁላችሁም ትወጣላችሁ። አንድ መውጫ አለ። ጠቅላላው ሒሳብ ካልጨመረ፣ ለምን እንደተለወጠ ደግሞ በሕዝብ ፊት ቀርባችሁ ካስረዳችሁ ሊያልፍ ይችላል።»

ጠቅላላው ካልጨመረ። እንግዲህ የደወል ዋጋ ከሌላው መስመር መቀነስ አለበት ማለት ነው። የቢሮው ኪራይ በመምህራኑ ቁጥር የታሰረ ነው፣ አይነቃነቅም። የሚነካው የክላውዱ ነው። የክላውዱ ደግሞ የሱዲር ነው።

ሱዲርን ያገኘችው መተላለፊያው ላይ፣ የሌላ ሰው ቸኮሌት ሲበላ ነው። ነገሩን ስትነግረው ማኘኩን አቆመ።

«ከእኔ ቤት? በሰኔ?»

«ከአንተ ቤት፣ በሰኔ።»

«አይሊ፣ እኔም አለቃ አለኝ እኮ! የዘንድሮው ሽያጬ ከታዘዝኩት በአንዲት ጣት ነው የጎደለው፤ እሷንም ሳተርሊ ትሞላልኛለች ብዬ ነበር። አንቺ ጣቴን ልትቆርጪ መጣሽ?»

«በደወል ስንት ትምህርት ቤት አምጥቼልሃለሁ? ሲመጣ ዝም ብለህ ዋጥክ፣ አሁን ስጠይቅህ ታለቅሳለህ።»

«ምርቂልኝ አልኩሽ? ሳልጠይቅሽ መረቅሽ፤ ምርቃት ደግሞ አይመለስም» አለ፤ አላያትም። ሌላ ቸኮሌት አነሳና ጨመረ። «ቦርዱ ፊት አብሬሽ እቀርባለሁ። የክላውዱን ጥያቄ አንቺ አትመልሺውም። ግን እሺ አላልኩም፤ ስሚኝ፣ እሺ አላልኩም።»

ቦርዱ በሚሰበሰብበት ቀን በእሷ መኪና ሄዱ። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ፣ ግራ ቀኙ የተመነጠረ ኮረብታ፣ ወዲያው ደግሞ እንደገና የበቀለ ጥድ ነው። ዝናቡ ይጀምራል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይጀምራል፤ የመስታወት መጥረጊያውን ታበራለች፣ ታጠፋለች።

«ወይ አብሪው ወይ አጥፊው፣ ራሴን አዞርሽው» አለ ሱዲር። እናቱ በፕላስቲክ ዕቃ የላከችለትን ቅመም የበዛበት ሩዝ ጭኑ ላይ ይዞ ይበላል።

«አንተ ሩዝህን ብላ።»

«የምበላው ፈርቼ ነው። ስፈራ እበላለሁ።»

«ምን ያስፈራሃል?»

«ሐምሌ» አለ። «እናቴ ምን ሥራ ነው የምትሠራው ትለኛለች። ኮምፒውተር አከራያለሁ እላታለሁ። እና እሱን ሥራ ብለህ ነው ፊትህ እንዲህ የገረጣው ትለኛለች።»

አይሊ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ፤ ወንዙ ከመንገዱ ጎን ብቅ ብሎ ነበርና። ቡናማ፣ ሰፊ፣ ወደ ባሕሩ የቸኮለ። የአባቷ ሌላኛው እንጉርጉሮ ሳትጠራው ከንፈሯ ላይ መጣ፦

ሐይቅ ከገባ ወዲያ ወንዝ ስሙን ከጣለ፣
ማን ለይቶ ያውቀዋል የት ወርዶ እንደዋለ።

«ይኼ ስለ ሒሳብ አያያዛችን ነው?» አለ ሱዲር።

«ስለ ውሃ ነው» አለችው።

ቦርዱ የሚሰበሰበው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ አዋቂዎቹ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሷል። ሊቀመንበሯ ሚስስ ቡላርድ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሰች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። አይሊ እንድትቀመጥ ተጋበዘች። አልተቀመጠችም።

«ትናንት በነፃ፣ ዛሬ በገንዘብ» አለች ሚስስ ቡላርድ። «ምን ተለወጠ? ደወሏ ወርቅ ተለበጠች?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አይሊ በሁለቱ መደርደሪያዎች መሐል መራመድ ጀመረች።

«ምንም አልተለወጠም። ደወል ያችው ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ኩባንያችን የሚያየው የተከፈለበትን ብቻ ነው፤ ያልተከፈለበትን አያይም። እኔ ዜሮ ስጽፍላችሁ ያስደሰትኳችሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደብቄያት ነው። ዘንድሮም ዜሮ ከሆነች ትምህርት ሲከፈት አትኖርም።»

«እና አለቆችሽ እንዲያዩ ብለን እንክፈል?»

«አዎ።»

እንዲህ ያለ ቀጥተኛ መልስ ያልጠበቁት የቦርዱ አባላት እርስ በርስ ተያዩ።

«ደወሏ ባትኖር ምን እናጣለን?» ብሎ ጠየቀ አንዱ፣ ገና አዲስ የተመረጠ።

መልሱን የሰጠችው አይሊ አልነበረችም። «የወንዙን መንገድ» አለች ሚስስ ቡላርድ። «ደወል ከመምጣቷ በፊት እኔ ነበርኩ የምነዳው። ውሃው መንገዱን ሲያቋርጥ ልጆቹ መንገድ ዳር በዝናብ ይጠብቁኛል፤ እኔ ማዶ ቆሜ አያቸዋለሁ። ልነግራቸው አልችልም፣ ልደርስላቸው አልችልም። እጃቸውን ያውለበልቡልኛል።» እስክሪብቶዋን አነሳች። «እሺ። ሒሳቡ አይጨምርም ብለሻል። ታዲያ የደወሏ ዋጋ ከየትኛው ኪስ ነው የሚወጣው?»

አይሊ ዞረች። ዓይኗ ሱዲር ላይ ወደቀ፤ የሁሉም ዓይን ተከትሏት ወደቀ። ሱዲር በልጅ ወንበር ላይ ተጣጥፎ፣ ባዶውን የሩዝ ዕቃ አቅፎ ተቀምጧል።

«አንድ ደቂቃ» አለና ተነስቶ፣ የአይሊን ክርን ይዞ መደርደሪያ ጥግ ወሰዳት። አንሾካሾከ።

«አሁን ገባኝ። ደወል ከሞተች እነዚህ ሰዎች እዚህ የሚያቆያቸው ነገር የለም፤ የእኔም ኪራይ ተከትሏት ይሄዳል። ቅናሹ ከእኔ ቤት ይውጣ።»

«ሱዲር...»

«አልጨረስኩም። ባዶ እጄን አልገባም። ለአለቃዬ የምለው ነገር ያስፈልገኛል። ዴሊያ ሐምሌ ላይ ደወልን ወደ እኛ ቤት ትልቀቅ። ሰዎቿም ይምጡ፤ እንጀራቸው አይቋረጥም። ዋጋ ይኖራታል፣ ግን በእኛ በር ትግባ።»

«እኔስ?»

ሱዲር መሬት መሬት አየ። «የትምህርት ቤት ሻጭ እኛ ቤት ሞልቷል፣ አይሊ። ሁለት አያስቀጥሩኝም።»

ከጀርባቸው ሚስስ ቡላርድ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ታንኳኳለች። ደወል ትኖራለች፤ ግን አይሊ በሌለችበት ቤት። ሌላው መንገድ እንቢ ማለት ነው፤ ያኔ ደወል የእሷ እንደሆነች ትሞታለች። እግሮቿ በዚያች ቅጽበት ብቻ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስል፣ አልተንቀሳቀሱም። ማዶ ቆመው እጃቸውን የሚያውለበልቡ ልጆች ታዩአት።

«ሰዎቿን አንዳቸውንም እንዳትበትን» አለች።

«በእናቴ።»

«እናትህ ሥራህን ሥራ አትለውም።»

«አሁን ትለዋለች» አለ ሱዲር፤ ዓይኑ ግን ረጥቦ ነበር። ወደ ቦርዱ ዞሮ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ «ከእኛ ቤት ነው የሚወጣው፣ ክብርት ሊቀመንበር» አለ።

ድምፅ ሲሰጥ ሁለት እጅ ሳይወጣ ቀረ፣ አምስቱ ወጣ። ወደ ቤት ሲመለሱ መሪውን ሱዲር ያዘ፤ የመስታወት መጥረጊያውንም አንዴ አብርቶ እስከ መጨረሻው አላጠፋውም።

ዴሊያ ሰኔ ሳያልቅ መስመሩን አየችው። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ስለ ሱዲር ስምምነት ስትሰማ «ከመዝጋት ይሻላል» ብላ ፈረመች። በሐምሌው ድልድል የደወል ሰዎች ካርቶናቸውን አቅፈው፣ ሕንጻዎቹን በሚያገናኘው ድልድይ አልፈው፣ ወደ ክላውዱ ሕንጻ ሄዱ። አይሊ አንዱን ካርቶን ይዛ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። የእሷ ዕቃ ወደ ሌላ ሕንጻ ሄደ፤ ለሆስፒታሎች እንድትሸጥ ተመድባለች። አዲሶቹ ጎረቤቶቿ ምንጣፉን እያዩ ተጠቃቀሱ።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ፣ ዝናቡም ተመለሰ። አንድ ጠዋት ዌንደል ኦክስ ደወለ።

«የኤይኖ ልጅ፣ የይለፍ ቃሌን ረሳሁት።»

«ሚስተር ኦክስ፣ እኔ አሁን የሆስፒታል ነኝ። ወደ ሱዲር ቤት ይደውሉ።»

«ቁጥራቸውን አላውቅም። ያንቺን ነው የማውቀው።»

አይሊ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተነሳች። ከመስኮቱ ወደ በሩ ሄደች፤ ከበሩ ስትመለስ ከስልኩ ማዶ፣ ከዌንደል ጀርባ፣ ያ የተሰነጠቀ አሮጌ ደወል ጮኸ፤ እንደ ሽማግሌ እየሳለ። የልጆች ጩኸት ተከተለው፣ በር ሲጥ አለ፣ ሁሉም ጸጥ አለ። አሁን፣ አለች በልቧ፣ አሁን መምህሯ ደወልን ትከፍታለች፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ትቆጥራለች።

«ሁሉም መጡ?» አለች።

«እነማን?»

«ልጆቹ።»

«ቆይ ልይልሽ» አለ ዌንደል፣ የይለፍ ቃሉን መርሳቱን ረስቶ።

አይሊም እየጠበቀችው ተራመደች።